ኢሜይልን በፓይተን ፕሮግራም በተመሰጠረ መስመር ማውረድ፦ ዝርዝር መመሪያ

ኢሜይል የሚያወርድ የፓይተን ፕሮግራም ለመጻፍ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ምሳሌዎች አብዛኞቹ ይሠራሉ፤ መስመሩን ያመሰጥራሉ፣ አካውንቱ ውስጥ ይገባሉ፣ መልእክቱን ያመጣሉ። ብዙዎቹ የማያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ በዚያኛው ጫፍ የመለሰላቸው ሰርቨር እውነት የጠሩት ሰርቨር መሆኑን አይጠይቁም። ይህ ገንዘብን በደንብ በታሸገ ፖስታ አድርጎ ለማያውቁት ሰው እንደማስረከብ ነው። ማሸጊያው ምንም አይወጣለትም፤ የተቀበለው ሰው ግን ማን ነው?

ስለዚህ እዚህ ብዙ ቦታ የሚወስደው ሰርተፊኬትን፣ ማለትም ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበትን ዲጂታል መታወቂያ፣ ማረጋገጥ ነው። ሌላው ሥራ፣ ማለትም መግባት፣ መፈለግና ማስቀመጥ፣ የራሱ ወጥመዶች አሉት፤ በየቦታቸው እናያቸዋለን።

ምሳሌ አድርገን የምንይዘው አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። ደረሰኞች በጂሜይል አድራሻው ይደርሱታል፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው አዲስ የመጡትን እያወረደ አባሪዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። የሚያስፈልገው ፓይተን 3.10 ወይም ከዚያ በላይ ነው። የምንጠቀምባቸው ሦስት ዋና ሞጁሎች፣ አይማፕሊብ፣ ኤስኤስኤል እና ኢሜይል፣ ከፓይተኑ ጋር አብረው ስለሚመጡ የሚጫን ተጨማሪ ነገር የለም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የኮድ ስሞችን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛው ፊደል ይሁን። በራሳችሁ የምታወጧቸውን የተለዋዋጭ ስሞች ግን በአማርኛ ብትጽፏቸው ፓይተን 3 ያለ ችግር ይቀበላል። እኔም ከታች «ሳጥን» እና «ኮንቴክስት» ያልኳቸው እንደዚያ ናቸው።

የትኛው ፖርት?

ኢሜይል ለማውረድ ሁለት የታወቁ ፕሮቶኮሎች አሉ። ፖፕ3 መልእክቱን ወደ ኮምፒውተራችሁ ማውረድ ብቻ ነው የሚያውቀው። አይማፕ ግን መልእክቶቹ ሰርቨሩ ላይ እንዳሉ እንድትፈልጉ፣ በፎልደር እንድታዩና የምትፈልጉትን ብቻ እንድታወርዱ ያስችላል። ማርክ ክሪስፒን በ1986 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የነደፈው ነው። ያው ሳጥን በስልክም በኮምፒውተርም የሚከፈት ከሆነ ምርጫው አይማፕ ነው።

አይማፕ ሁለት ፖርት፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ቁጥር የተሰጠው የመገናኛ በር፣ አለው። 143 ሳይመሰጠር የሚጀምረው ነው። 993 ደግሞ ከመጀመሪያዋ ባይት ጀምሮ ቲኤልኤስ በተባለው የምስጠራ ፕሮቶኮል የተመሰጠረ ነው። የፖፕ3 አቻዎቻቸው 110 እና 995 ናቸው።

በመካከል ስታርትቲኤልኤስ የሚባል መንገድ አለ። ግንኙነቱ በ143 በግልጽ ይጀምርና ፕሮግራሙ «አሁን ወደ ምስጠራ እንሻገር» ብሎ ይጠይቃል። ችግሩ ከጥያቄው በፊት ያለው ንግግር ማንም መሃል የገባ ሰው ሊለውጠው የሚችል መሆኑ ነው። አይማፕ ውስጥ ሰርቨሩ ገና ሰላምታ ሲሰጥ «አንተ ቀድሞ የታወቅህ ነህ፣ መግባት አያስፈልግህም» ሊል ይችላል፤ ይህ ፕሪኦዝ ይባላል። በፕሮቶኮሉ ሕግ ደግሞ ስታርትቲኤልኤስን መጠየቅ የሚቻለው ከመግባት በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ የተቀመጠ አጥቂ የሐሰት ፕሪኦዝ ከላከ፣ ደካማ የሆነ ፕሮግራም ምስጠራውን ሳይጀምር ይቀጥላል። በ2021 ተመራማሪዎች የኢሜይል ፕሮግራሞችንና ሰርቨሮችን መርምረው ከስታርትቲኤልኤስ ጋር የተያያዙ ከ40 በላይ ድክመቶችን ይፋ አድርገዋል። ከዚያም በፊት፣ በጥር ወር 2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 8314 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ገና ከጅምሩ የተመሰጠረውን መንገድ እንድንመርጥ መክሯል።

ባጭሩ 993 ተጠቀሙ። ሰርቨሩ 143ን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ፕሮግራማችሁን ከማስተካከል በፊት ከሰርቨሩ አስተዳዳሪ ጋር መነጋገር ይሻላል።

ዋናዋ መስመር

ሰርተፊኬት ሲረጋገጥ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። መጀመሪያ፣ ሰርተፊኬቱን የፈረመው ኮምፒውተራችሁ የሚያምነው አካል ነው ወይስ አይደለም፤ ፊርማው በመካከለኛ ሰርተፊኬቶች ሰንሰለት በኩል ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀኑ አላለፈም ወይ፣ ደግሞስ ደርሷል ወይ። ሦስተኛ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ስም እናንተ ከጠራችሁት ስም ጋር አንድ ነው ወይ። ሦስቱም ካልተሟሉ ምስጠራው ቢኖርም ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ አታውቁም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያለ እሱ ግን ማንኛውም ሰው ለራሱ ድረ ገጽ በነፃ ባወጣው ሕጋዊ ሰርተፊኬት ጂሜይል ነኝ ሊላችሁ ይችላል።

አይማፕሊብ ውስጥ «አይማፕ4_ኤስኤስኤል» የሚባለው ክላስ ኮንቴክስት (የምስጠራና የማረጋገጫ ቅንብሮችን የያዘ ነገር) ካልተሰጠው ከእነዚህ አንዱንም አያረጋግጥም። ይህ ለብዙ ሰው ያልተጠበቀ ነው፤ ምክንያቱም ያው ፓይተን ድረ ገጽ ሲከፍት ያረጋግጣል። ልዩነቱ ታሪክ አለው። በታኅሣሥ ወር 2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ፓይተን 2.7.9፣ ቀጥሎም በ3.4.3፣ ለኤችቲቲፒኤስ ማረጋገጥ ነባሪ ሆነ፤ ማለትም ሳይጠየቅ በራሱ ይደረጋል። የኢሜይል ሞጁሎቹ ግን በነበሩበት ቀሩ። አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ታስቦ ነው፤ በእኔ አስተያየት ውለታው ለተጠቃሚው ሳይሆን ለሰነፍ ኮድ ሆኗል።

መፍትሔው ኮንቴክስት ሠርቶ መስጠት ነው።

ኮንቴክስት = ኤስኤስኤል.ክሪኤት_ዲፎልት_ኮንቴክስት()
ኮንቴክስት.ሚኒመም_ቨርዥን = ኤስኤስኤል.ቲኤልኤስቨርዥን.ቲኤልኤስቪ1_2
ሳጥን = አይማፕሊብ.አይማፕ4_ኤስኤስኤል("አይማፕ.ጂሜይል.ኮም", 993, ኤስኤስኤል_ኮንቴክስት=ኮንቴክስት, ታይምአውት=30)

የመጀመሪያዋ መስመር ሦስቱንም ማረጋገጫዎች ታበራለች፤ የታመኑ ፈራሚዎችን ዝርዝርም ከኮምፒውተሩ ትጭናለች። ሁለተኛዋ ከቲኤልኤስ 1.2 በታች ያለውን ትከለክላለች። 1.0 እና 1.1 በመጋቢት ወር 2021 እ.ኤ.አ. በይፋ ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወስኗል። ፓይተን 3.10 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ይህንን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ ግን ኮዱ ውስጥ ተጽፎ መታየቱ ነገ ለሚያነበው ሰው ይጠቅማል።

ሦስተኛዋ ውስጥ ያለውን «ታይምአውት» አትዝለሉት። ካልተሰጠ ፕሮግራሙ ኔትወርኩ መሃል ላይ ቢጠፋበት ያለ ገደብ ሊጠብቅ ይችላል። መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ ጠዋት የተነሣው ፕሮግራም ማታ እዚያው ተገትሮ ይገኛል፤ ስህተትም አላሳየም፣ ሥራም አልሠራም። 30 ሰከንድ ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል። መስመሩ በጣም ቀርፋፋ ከሆነ 60 አድርጉት።

የሰርቨሩን አድራሻ ሁልጊዜ በስሙ ጻፉ። የአይፒ ቁጥር ከጻፋችሁ የስም ማረጋገጫው የሚያመሳክረው አያገኝም።

መዘጋቱን ሞክሩት

የማይከለክል ጥበቃ አለ ብሎ መተማመን አደጋ ስለሆነ፣ ኮዱ እምቢ ማለት እንደሚችል በዓይናችሁ እዩ። ሆን ተብሎ የተበላሹ ሰርተፊኬቶችን ይዞ ለሙከራ የተከፈተ ባድኤስኤስኤል.ኮም የሚባል ድረ ገጽ አለ። ከላይ ባለው ኮድ ውስጥ የጂሜይሉን ስም በ«ኤክስፓየርድ.ባድኤስኤስኤል.ኮም»፣ ፖርቱን በ443 ተኩና አስነሡት። በእርግጥ እዚያ የኢሜይል ሰርቨር የለም፤ ግን የሰርተፊኬት ምርመራው የሚካሄደው ከሰላምታ በፊት ስለሆነ ለሙከራችን ይሆናል። ትክክለኛው ውጤት «ኤስኤስኤልሰርትቬሪፊኬሽንኤረር» የሚል ስህተት ነው። ከዚያ «ሮንግ.ሆስት» እና «ሰልፍ-ሳይንድ» በሚሉት ንዑስ ስሞች ድገሙት። ሦስቱም ላይ ወዲያው ከቆመ ኮዱ ይሠራል። ስህተት ሳያሳይ ቆይቶ ጊዜው አልፎበት ከወደቀ ግን ያንን የተበላሸ ሰርተፊኬት ተቀብሎ የሰርቨሩን ሰላምታ ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ ኮንቴክስቱ አልደረሰውም።

ከፓይተን ውጭም ሰርቨሩን ራሱን ለማየት ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው የተርሚናል መሣሪያ ምቹ ነው።

ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ_ክላየንት -ኮኔክት አይማፕ.ጂሜይል.ኮም:993 -ሰርቨርኔም አይማፕ.ጂሜይል.ኮም -ሲአርኤልኤፍ

ብዙ ጽሑፍ ይወርዳል። የምትፈልጉት «ቬሪፋይ ሪተርን ኮድ» የሚለውን መስመር ነው፤ 0 ካለ የፈራሚዎቹ ሰንሰለት ደህና ነው። ይህ መሣሪያ ማረጋገጡ ቢወድቅም ግንኙነቱን እንደማያቋርጥ ልብ በሉ። የሰርቨሩ ሰላምታ መጣ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ቁጥሩን አንብቡ።

ማረጋገጡ እምቢ ሲል

ብዙ ሰው ማረጋገጫውን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስህተት ያያል፣ ይፈልጋል፣ «ቼክ_ሆስትኔም»ን ፎልስ፣ «ቬሪፋይ_ሞድ»ን ሰርት_ነን አድርግ የሚል መልስ ያገኛል፣ ይገለብጣል፣ ይሠራለታል። የጠፋው ግን ስህተቱ ሳይሆን ስህተቱን የሚናገረው ነው። ስህተቱ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ምክንያቱን ራሱ ይነግራችኋል፤ እሱን ይዛችሁ ሂዱ።

«ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፏል» ወይም «ገና አልደረሰም» ካለ በመጀመሪያ የምታዩት የራሳችሁን ሰዓት ነው። የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ ያለቀባት አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኗ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ በዓለም ላይ ያለ ሰርተፊኬት ሁሉ ለእሷ ገና አልደረሰም። ባትሪው ይቀየር፤ ሰዓቱም ከኢንተርኔት እንዲስተካከል ይደረግ። ሰዓታችሁ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጣቸው የተለመዱት ነፃ ሰርተፊኬቶች ለ90 ቀን የሚያገለግሉ ስለሆኑ እድሳታቸው በራሱ እንዲካሄድ ያልተደረገ ሰርቨር ቶሎ ይያዛል።

«የፈራሚውን ሰርተፊኬት ማግኘት አልተቻለም» የሚለው ሁለት ምንጭ አለው። ማክ ላይ ከፓይተን ይፋዊ ድረ ገጽ አውርዳችሁ የጫናችሁት ከሆነ፣ አፕሊኬሽኖች ውስጥ ባለው የፓይተን ፎልደር «ኢንስቶል ሰርቲፊኬትስ» የሚል ፋይል አለ፤ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ያልቃል። ሌሎች ሰርቨሮች እየሠሩ አንዱ ብቻ ከሆነ ያስቸገረው ደግሞ፣ ያ ሰርቨር መካከለኛውን ሰርተፊኬት ሳይልክ ቀርቷል። ብራውዘሮች አንዳንዴ የጎደለውን ራሳቸው ፈልገው ስለሚሞሉ አስተዳዳሪው «እኔ ጋ ይሠራል» ይላችኋል። ሙሉውን ሰንሰለት የያዘውን ፋይል ሰርቨሩ ላይ እንዲያደርግ ንገሩት።

«ስሙ አይገጥምም» በተለይ የጋራ ሆስቲንግ ለሚጠቀሙ ቢሮዎች የተለመደ ነው። የኢሜይል አድራሻችሁ በራሳችሁ ስም ነው፤ ሰርቨሩ ግን የሆስቲንግ ድርጅቱ ነው፤ ሰርተፊኬቱም በእነሱ ስም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ድርጅቱ ለኢሜይል የሰጣችሁን የራሱን የሰርቨር ስም ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፉ፤ ወይም በእናንተ ስም ሰርተፊኬት እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው «ራሱን በራሱ የፈረመ» የሚለው ነው። ይህ ሲመጣ ወዲያው አትቸኩሉ። ከጂሜይል ጋር ስትገናኙ ከመጣ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር መሃል ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ኢሜይል የሚመረምር አንቲቫይረስ ወይም የቢሮው ፋየርዎል ነው፤ ማንነቱን ሳታውቁ ግን ፓስዎርድ አትላኩ። ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ጋር ከሆነ ደግሞ ሊጠበቅ የሚችል ነው። ያኔም ማረጋገጫውን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ማንን ማመን እንዳለበት መንገር ይበቃል። የመሥሪያ ቤቱን የፈራሚ ሰርተፊኬት ፋይል ከአስተዳዳሪው እጅ በፍላሽ ተቀበሉ። ከዚያ፦

ኮንቴክስት = ኤስኤስኤል.ክሪኤት_ዲፎልት_ኮንቴክስት(ሲኤፋይል="የቢሮ-ፈራሚ.ፔም")

ፋይል ሲሰጠው ይህ ፈንክሽን የኮምፒውተሩን የታመኑ ዝርዝር አይጭንም፤ ያችን አንዷን ብቻ ያምናል። ለውስጥ ሰርቨር ይህ እንዲያውም ከተለመደው የጠበቀ ነው፤ የውጭ ፈራሚ በስህተት ወይም በተንኮል የሰጠው ሰርተፊኬት እዚህ አያልፍም።

ፓይተን 3.13 የጫኑ ሰዎች ትናንት ይሠራ የነበረ የቢሮ ሰርተፊኬት ዛሬ እምቢ ሊላቸው ይችላል። ከዚያ እትም ጀምሮ ነባሪው ኮንቴክስት በሰርተፊኬቱ አሠራር ላይ ጥብቅ ምርመራ ጨምሯል፤ በእጅ የተሠሩ አሮጌ ሰርተፊኬቶች ደግሞ መያዝ ያለባቸውን መስኮች ብዙ ጊዜ ያጎድላሉ። ዘለቄታው ሰርተፊኬቱን እንደገና አሟልቶ ማውጣት ነው።

«ሮንግ ቨርዥን ነምበር» የሚል ካያችሁ ነገሩ የሰርተፊኬት አይደለም። ፖርቱን ተሳስታችኋል፤ ብዙ ጊዜ 143 ላይ በቲኤልኤስ ለመግባት ስትሞክሩ ነው።

መግባት

ጂሜይል የአካውንቱን ዋና ፓስዎርድ ከእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አይቀበልም፤ ለግል አካውንቶች ይህ በር በግንቦት መጨረሻ 2022 እ.ኤ.አ. መዘጋት ጀምሯል። ሁለት መንገድ ይቀራል።

አንደኛው የአፕ ፓስዎርድ ነው። በአካውንቱ ላይ መጀመሪያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ታበራላችሁ፤ ከዚያ ጉግል ለዚህ ፕሮግራም ብቻ የሚሆን 16 ፊደል ይሰጣችኋል። ለአንድ ቢሮ፣ ለአንድ ሳጥን፣ እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒውተር ቢሰረቅ ያችን ብቻ መሰረዝ ይቻላል።

ሁለተኛው ኦኦዝ 2 ነው። ፓስዎርድ ሳይሆን ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል ቶክን ይላካል። የብዙ ሰዎችን ሳጥን የሚከፍት ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ሌላ አማራጭ የላችሁም። የማይክሮሶፍት አካውንትም እንዲሁ ነው፤ ለድርጅት አካውንቶች ተራ ፓስዎርድ ከጥቅምት 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለግል የአውትሉክ አካውንቶች ከመስከረም 16 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተዘጋ መጥቷል። ቶክኑን የምታስገቡት «ኦተንቲኬት» በሚለው ፈንክሽን «ኤክስኦኦዝ2» ብላችሁ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ጽሑፉን ቀድሞ በቤዝ64 (ባይትን በተራ ፊደላት የመጻፊያ ዘዴ) እየቀየረ መስጠቱ ነው። አይማፕሊብ ራሱ ስለሚቀይረው ሁለት ጊዜ ይቀየርና ሰርቨሩ አይገባውም። ጉግል ዘንድ ደግሞ ፕሮጀክታችሁ «በሙከራ ላይ» በሚለው ደረጃ ካለ የማደሻው ቶክን በ7 ቀን ይሞታል፤ በየሳምንቱ የሚቆም ፕሮግራም ካላችሁ መጀመሪያ ይህንን ተመልከቱ።

የአፕ ፓስዎርዱን ኮዱ ውስጥ አትጻፉት። በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ በኮምፒውተሩ ሥርዓት ውስጥ በስም በሚቀመጥ ዋጋ) አስቀምጡትና ከዚያ አንብቡት፦

ሳጥን.ሎግኢን(አድራሻ, ኦኤስ.ኢንቫይሮን["የኢሜይል_ቁልፍ"])

በፋይል ካደረጋችሁት ሊነክስ ላይ ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) አድርጉ፤ ፋይሉም የኮድ ለውጥ ወደሚመዘግበው ጊት እንዳይገባ በመከልከያ ዝርዝሩ ላይ ጻፉት። በተጨማሪ «ሳጥን.ዲበግ» የሚለውን 4 ስታደርጉት አይማፕሊብ የሚልከውን ትእዛዝ ሁሉ ያትማል፤ ሎግኢኑ ከነፓስዎርዱ ከዚያ ውስጥ ነው። ችግር ስትፈልጉ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ለሰው ከመላካችሁ በፊት አጽዱት።

የቢሮ ሰርቨር ላይ በአማርኛ ፊደል የተሠራ ፓስዎርድ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ሎግኢኑ ገና ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ ይወድቃል፤ ይህ ፈንክሽን ከእንግሊዝኛው መሠረታዊ ፊደላት ውጭ አይቀበልም።

ምን አዲስ አለ? ብሎ መጠየቅ

ሳጥኑን ለንባብ ብቻ ክፈቱት፦

ሳጥን.ሴሌክት("ኢንቦክስ", ሪድኦንሊ=ትሩ)

እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙ ተሳስቶ እንኳ ምንም መሰረዝ ወይም «ተነቧል» የሚል ምልክት ማድረግ አይችልም።

ብዙ ምሳሌዎች «አንሲን» ብለው ያልተነበቡትን ይፈልጋሉ። ለደረሰኝ ሥራ ይህ አይታመንም፤ ሒሳብ ሹሟ መልእክቱን በስልኳ ቀድማ ከከፈተችው ለፕሮግራሙ የለም ማለት ነው። የተሻለው በዩአይዲ መሄድ ነው። እያንዳንዱ መልእክት በፎልደሩ ውስጥ የማይደገምና እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር አለው፤ መጨረሻ ያስቀመጣችሁትን ቁጥር መዝግባችሁ ከዚያ በላይ ያለውን ትጠይቃላችሁ። መጨረሻው 4120 ከነበረ፦

ሁኔታ, ውጤት = ሳጥን.ዩአይዲ("ሰርች", "ዩአይዲ 4121:*")

ይህች ጥያቄ አንድ ተንኮል አላት። ኮከቧ የመጨረሻውን መልእክት ስለምታመለክት፣ ምንም አዲስ ባይኖርም ሰርቨሩ ያንኑ 4120ን መልሶ ይሰጣችኋል። የመጡትን ቁጥሮች ከመዘገባችሁት ጋር አወዳድሩና ያነሱትን ወይም እኩል የሆኑትን ጣሉ። አለዚያ የመጨረሻው ደረሰኝ በየዙሩ ይባዛል።

ከዩአይዲው ጋር ዩአይዲቫሊዲቲ የሚባለውንም መዝግቡ። ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ በ«ሳጥን.ሪስፖንስ» ይገኛል። ይህ ቁጥር ከተለወጠ ሰርቨሩ ዩአይዲዎቹን እንደ አዲስ ሰጥቷል፤ የመዘገባችሁት ዋጋ የለውምና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

በቀን መፈለግ ካስፈለገ «ሲንስ» አለ። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ወሩም በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ነው የሚሰጠው። ከበጀት ዓመቱ መግቢያ ከሐምሌ 1 ወዲህ ያለውን ለሚፈልግ ቢሮ ለሰርቨሩ የሚላከው ጁላይ 8 ነው።

መልእክቱን ለማውረድ፦

ሁኔታ, ዳታ = ሳጥን.ዩአይዲ("ፌች", ቁጥር, "(ቦዲ.ፒክ[])")

«ፒክ» የሚለው ምልክት ሳያደርጉ አይቶ መመለስ ነው። ለንባብ ብቻ ከከፈታችሁ በኋላ ትርፍ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ያንን መስመር ቢለውጠው ግን ይሄኛው ይጠብቃችኋል። መልእክቱ በመሃል በሌላ መሣሪያ ከተሰረዘ ዳታው ባዶ ሊመጣ ስለሚችል ከመክፈታችሁ በፊት ፈትሹት።

አማርኛው እንዳይበላሽ

የወረደው ጥሬ ባይት ነው። እንዲህ ፍቱት፦

መልእክት = ኢሜይል.ሜሴጅ_ፍሮም_ባይትስ(ዳታ[0][1], ፖሊሲ=ኢሜይል.ፖሊሲ.ዲፎልት)

«ፖሊሲ» ካልተሰጠ ፓይተን በድሮው አሠራር ይፈታዋል፤ ያኔ የአማርኛ ርእሶች ከእኩል ይሆናልና ከጥያቄ ምልክት በሚጀምር የተመሰቃቀለ ጽሑፍ ይመጣሉ። ፖሊሲው ካለ «የሚያዝያ ወር ደረሰኝ» የሚለው ርእስ እንደተጻፈ ይነበባል። የመልእክቱን ጽሑፍ በ«ጌት_ቦዲ»፣ አባሪዎቹን በ«ኢተር_አታችመንትስ» ታገኛላችሁ።

በአማርኛ ቃል ርእስ መፈለግ ግን አይማፕሊብ ላይ ቀጥታ አይሄድም። ቃሉን በዩቲኤፍ-8 ወደ ባይት ለውጡና «ሳጥን.ሊተራል» ላይ አስቀምጡት፤ ከዚያ ቃሉን ሳትጨምሩ ፈልጉ፦

ሳጥን.ሊተራል = "ደረሰኝ".ኢንኮድ("ዩቲኤፍ-8")
ሳጥን.ዩአይዲ("ሰርች", "ቻርሴት", "ዩቲኤፍ-8", "ሰብጀክት")

በአማርኛ የተሰየሙ ፎልደሮችም ዝርዝራቸው ሲወጣ በሌላ አጻጻፍ ተቀይረው በ«&» ጀምረው ይታያሉ። አይማፕሊብ አይፈታቸውም። አንድ ሁለት ፎልደር ብቻ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ የወጣውን ስም እንዳለ ገልብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ከበዛ አይማፕክላየንት የሚባለውን ላይብረሪ ጫኑ፤ የፎልደር ስሞችን ይፈታል፣ ሰርተፊኬትም በነባሪ ያረጋግጣል።

አባሪውን ማስቀመጥ

ቲኤልኤስ የጠበቀው መንገዱን ነው፤ ላኪው ማን እንደሆነና ምን እንደላከ አይመለከተውም። የአባሪው ፋይል ስም የመጣው ከላኪው ነው፤ ላኪው ደግሞ ማንም ሊሆን ይችላል። ስሙ ውስጥ ወደ ላይኛው ፎልደር የሚያወጡ ሁለት ነጥቦችና መስመር ካሉበት፣ ያንን ስም እንዳለ የሚጠቀም ፕሮግራም ከተመደበለት ፎልደር ውጭ ሌላ ፋይል ላይ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ስሙን ራሳችሁ አውጡ፤ ዩአይዲው፣ የአባሪው ተራ ቁጥርና እናንተ የፈቀዳችሁት ቅጥያ ይበቃሉ። ደረሰኝ ከሆነ ፒዲኤፍና ምስል ብቻ ፍቀዱ፣ መጠኑንም ወስኑ።

አጻጻፉም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፉ፤ ሲያልቅ በ«ኦኤስ.ሪፕሌስ» ወደ ትክክለኛው ስም ቀይሩት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዩአይዲውን መዝግቡ። መብራት በመሃል ቢጠፋ በሚቀጥለው ዙር ያው መልእክት ድጋሚ ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ያልተቀመጠ ደረሰኝ ተቀምጧል ተብሎ ይመዘገባል፤ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ ማንም አያውቀውም።

ሳይቆም እንዲሠራ

ግንኙነቱን በ«ዊዝ» ውስጥ ክፈቱት፤ ስህተት ቢፈጠርም ሲወጣ ሎግአውት ያደርጋል። ጂሜይል ለአንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ከ15 በላይ የአይማፕ ግንኙነት አይፈቅድም፤ ሳይዘጉ የቀሩ ያንን ቦታ ይይዛሉ። በቀን በአይማፕ የሚወርደውም እስከ 2500 ሜጋባይት የተወሰነ ስለሆነ፣ አሮጌውን ሁሉ ለማውረድ የመጀመሪያ ቀን ላይ ከፋፍሉት።

ስህተቶቹን አንድ ላይ አትያዙ። የኔትወርክ መቋረጥ፣ ጊዜ ማለፍና «አይማፕ4.አቦርት» (ግንኙነቱ ሲበላሽ አይማፕሊብ የሚያሳየው ስህተት) ጥቂት ቆይቶ እንደገና መሞከር ይገባቸዋል፤ በየሙከራው የሚጠብቀውን ጊዜ እያስረዘማችሁ። ፓስዎርድ አልቀበልም ያለ ሰርቨርን ግን ደጋግማችሁ አትምቱት፤ አካውንቱን ሊቆልፈው ይችላል። «ኤስኤስኤልሰርትቬሪፊኬሽንኤረር» ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ መሞከር ትቶ ይቁም፣ ለሰውም ያሳውቅ።

በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው በክሮን (ሊነክስ ላይ ፕሮግራምን በሰዓቱ የሚያስነሣ መሣሪያ) ወይም በዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር ማስነሣት ለደረሰኝ ከበቂ በላይ ነው። ወዲያው እንዲደርስ ከተፈለገ አይድል የሚባለው የአይማፕ አሠራር አለ፤ ፓይተን 3.14 አይማፕሊብ ውስጥ ጨምሮታል። ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ ሰርቨሩ አዲስ ሲመጣ ይናገራል። ሰርቨሩ ሥራ ፈት ብሎ እንዳያቋርጠው በ29 ደቂቃ ውስጥ አይድሉን እያቋረጡ መልሶ መጀመር ያስፈልጋል። መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ ግን የሞተ ግንኙነት ክፍት መስሎ ስለሚቆይ፣ እኔ የክሮኑን መንገድ ነው የማስቀድመው።